ከጎባ በላይ የተከፈተው የከብት መንከሪያ

ሣር የረገጣችሁ መስሏችሁ እግራችሁ ባዶ ያገኘበት ቀን አለ? እኔን ባለፈው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱ እንደወጣ አጋጥሞኛል። እስከ ዛሬ ከአእምሮዬ ያልጠፋው እኔ ላይ ስለደረሰ ብቻ አይደለም። በሳምንቱ ተማሪዎቼን ይዤ ልሄድበት የነበረ ቦታ ስለሆነ ነው።

ሮቤ ውስጥ ታሪክ አስተምራለሁ። ከጎባ በላይ፣ ጥድ በበዛበት ተዳፋት ላይ፣ የአንድ ሀብታም ከብት አርቢ የፈረሰ ግቢ አለ። ሰውየው በንጉሡ ጊዜ ቆላ ውስጥ ብዙ ከብት ነበረው ይባላል። ሙቀቱ ሲበረታ ቤተሰቡንና ምርጥ ላሞቹን ይዞ በጋውን እዚህ ብርድ ላይ ያሳልፍ ነበር። መሬት ሲወረስ ጥሎት ሄደ፤ ከዚያ ወዲህ የኖረበት የለም። ተማሪዎቼ ታሪክን በእጃቸው እየዳሰሱ እንዲማሩ ስለፈለግሁ፣ አስቀድሜ ቦታውን ለማየት እሑድ ጠዋት ወጣሁ። አብራኝ የመጣችው ባዮሎጂ የምታስተምረው ባልደረባዬ ዘይነባ ናት። ዘይነባ የጊኒር ልጅ ናት፤ አባቷ ከብት ነጋዴ ናቸው።

ቤቱ ጣሪያ የለውም። ሳሎኑ መሀል የኮሶ ዛፍ በቅሏል፤ እሳት ይነድበት የነበረው ምድጃ ውስጥ አንዲት ፍየል ተኝታ አገኘናት። እኔ ግን አንድ ቦታ መቆም አልቻልኩም። ተማሪዎቹ የት እንደሚቆሙ፣ ከየት ጀምረው የት እንደሚጨርሱ እያሰብኩ ከክፍል ክፍል እዞራለሁ። እየዞርኩም አስረዳለሁ።

«ማሂ፣ እኔ ተማሪሽ አይደለሁም እኮ። ትንሽ አረፍ በይ» አለችኝ ዘይነባ።

«ፈተና አለ፣ አዳምጪ!» አልኳት።

ከቤቱ ጀርባ ሁለት የድንጋይ ግንቦች አገኘሁ። ሲጀምሩ ሰፊ ናቸው፤ እየሄዱ ይጠባሉ። በመካከላቸው ድንጋይ ተነጥፏል፤ ከድንጋዩ ቀጥሎ ለጥ ያለ አረንጓዴ ሣር ይታያል።

«ይኸውልሽ፣ እንግዳ ወደ አትክልት ቦታው የሚገባበት መንገድ ነው። ተማሪዎቹ በዚህ በሰልፍ ይገባሉ፤ ግንቡ ስለሚይዛቸው አይበታተኑም» እያልኩ ቀደምኳት።

ሣሩ ሣር አልነበረም። ውሃ ላይ የሰፈፈ ደቃቅ ቅጠል ነበር።

ውሃው ዋጠኝ። በእግሬ መሬት ፈለግሁ፤ የለም። ዋና አልችልም። ብቅ ስል የገባሁበትን ጠርዝ ያዝኩ፤ ቀጥ ያለና ሙልጭልጭ ስለነበር አመለጠኝና ደግሜ ሰጠምኩ።

«ወደ ኋላ አትመለሺ!» ዘይነባ ከግንቡ ውጭ እየሮጠች ትጮኻለች። «የከብት መንከሪያ ነው! መውጫው በወዲያ በኩል ነው፣ ወደፊት! ግንቡን ያዢ! ኮቱ፣ ማሂ፣ ነይ፣ ኮቱ!»

ነገሩን ያወቅሁት በኋላ ነው። ከብት መዥገር እንዳይጨርሰው መድኃኒት በተቀላቀለበት ገንዳ ውስጥ እንዲያልፍ ይደረጋል። ግንቦቹ የሚጠቡት ከብቱ አንድ በአንድ እንዲገባ ነው። መግቢያው ቀጥ ያለው የገባ በሬ እንዳይመለስ ነው። መውጫው ላይ ግን ደረጃ አለ። ተማሪዎቼን ይይዝልኛል ብዬ ያደነቅሁት ግንብ የተሠራው ማንም ዞሮ እንዳይወጣ ነበር።

ገንዳው ጠባብ በመሆኑ ሁለቱን ግንቦች በሁለት እጄ እየገፋሁ ወደ ድምፅዋ ተጎተትኩ። እግሬ ደረጃውን ሲነካ ዘይነባ ክንዴን ይዛ ሳበችኝ።

«አልሐምዱሊላህ!» አለች አቅፋኝ። «በይ እንግዲህ፣ ዓመቱን ሙሉ መዥገር አይነካሽም።»

ጩኸታችንን የሰሙ ኦቦ ቱኬ የሚባሉ የአካባቢው አዛውንት ገበሬ ሮጠው መጥተው ቡሉኳቸውን አለበሱኝ።

«አምና በእሾህ ዘግቼው ነበር፣ ልጄ። ማገዶ የሚለቅም ወሰደው» አሉ።

«ልጆች እዚህ ይመጣሉ?»

«ለምን አይመጡም! ጥጃ የሚጠብቁት የሚውሉት እዚህ አይደል?»

ዘይነባ ወደ ጎባ ወርደን ሻይ እንጠጣ ብላ ለመነችኝ። ጥርሴ እየተንገጫገጨ ወዲያ ወዲህ እላለሁ። ዓይኔ ላይ የሚመጣው የተማሪዎቼ ሰልፍ ነው። የፊተኛው ሲወድቅ የኋለኞቹ መገፋፋታቸው አይቀርም።

«መጀመሪያ ልብስሽን አድርቂ። መንከሪያው የትም አይሄድም» አሉ ኦቦ ቱኬ።

«ልጆቹ ግን ይመጣሉ፣ አባቴ። እባክዎ ከዚያ በኩል ይያዙልኝ» አልኳቸው።

ከፈረሰው ጣሪያ የወደቁትን የጥድ ወራጆች ሦስታችን እየጎተትን መግቢያውን ዘጋን። ጉዞውን አራዘምኩት። በኋላ ኦቦ ቱኬና ጎረቤቶቻቸው ግንቡን አፍርሰው ገንዳውን በድንጋዩ ሞሉት። ተማሪዎቼን የወሰድኳቸው ከዚያ በኋላ ነው። ያኔም ቢሆን የተሞላውን ቦታ እኔው ቀድሜ ረግጬ ካልጨረስኩ አላሳለፍኳቸውም።

ዛሬ ሳስበው በሕይወት መውጣቴ ያስደስተኛል፤ እረፍት ግን አልሰጠኝም። አሁን ሮቤ ውስጥ ስሄድ በጅምር የቆመ ግንባታ፣ የተተወ ግቢ፣ ክዳን የሌለው የመጸዳጃ ጉድጓድ ሳላይ አላልፍም። የሰፈሬን ሰዎች በየቤታቸው እያንኳኳሁ ሳላሰለቻቸው አልቀረሁም። እናንተም እስቲ ሞክሩት። ዛሬ ከመምሸቱ በፊት የሰፈራችሁን ጓሮና ባዶ ግቢ ዙሩ፤ አፉን የከፈተ ነገር ካገኛችሁ ባለቤቱን ፈልጉና ሳይዘጋ ወደ ቤታችሁ አትግቡ።