በቡሳን የተቀበልኩት ስም

ትእዛዙ የደረሰን ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ነበር። ሻምበላችን በማግስቱ በባቡር ወደ ግንባር እንዲንቀሳቀስ ታዘዘ። በዋዜማው እሑድ በኮሪያዋ ወደብ ቡሳን ከተማ የግማሽ ቀን ፈቃድ ተሰጥቶን ስለነበር ልብሳችን ገና ዓሣ ዓሣ ይሸት ነበር።

ይህን የምጽፈው የልጅ ልጄ ሶስና ስለጠየቀችኝ ነው። እኔ ዘጠና ሁለት ዓመቴ ነው፤ አሜሪካ፣ ሮቢንስዴል፣ ከሴት ልጄና ከእሷ ጋር አፓርትማ ውስጥ እኖራለሁ። ሶስና እንግሊዝኛ ልታስተምር ወደ ቡሳን ልትሄድ ነው። ባለፈው ቅዳሜ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች።

«አባባ፣ ትሪፔን ፕላን እያደረግሁ ነው። ቡሳን ፌቨሪት ነገርህ ምን ነበር? የት ልሂድ?»

አንቱታ አልለመደባትም፤ እኔም ተቆጥቼያት አላውቅም። ስልኳ ላይ ነጭ አሸዋ፣ ከባሕሩ በላይ በሽቦ ተንጠልጥሎ የሚሄድ መኪና፣ ተራራ ላይ የተደረደሩ ቀይና ሰማያዊ ቤቶች አሳየችኝ። ቤቶቹን «ሶ ኪዩት!» አለቻቸው። በእኛ ጊዜ እንዲያ ባሉ ተራሮች ላይ ከጦርነቱ የሸሸ ሕዝብ በካርቶንና በቆርቆሮ ጎጆ ቀልሶ ይኖር እንደነበር ነገርኳት። ከዚያ የእኔን ጀመርኩላት። ለሰባ ዓመት ለማንም ያልተናገርኩትን ጭምር እንደምነግራት ስጀምር አላወቅሁም ነበር።

ቡሳንን ያየሁት ከአሥር አለቃ ይርጉ ጋር ነው። እኔ መትረየስ ተኳሽ ነበርኩ፣ እሱ ጥይት አቀባዬ። መርከቡ ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሲያስመልሰው የከረመ ሰው ያን እሑድ ከወደቡ ዳር ቆሞ ባሕሩን አደነቀ። «ባሕር ደግ የሚሆነው ከዳር ሆነው ሲያዩት ነው» አለ። ጎንበስ ብሎ በእጁ ቀመሰና «እንዲህ አድርጋ ጨው የምትጨምር ሴት አላገባም» ብሎ አሳቀኝ። ዓሣ ገበያውን ዞርን። ሴቶቹ ገንዳቸውን ከፊታቸው አድርገው ይጮሃሉ፤ ስምንት እግር ያለውን ፍጥረት ሲያይ ይርጉ አማተበ። የተጠበሰ ስኳር ድንች ገዝተን እየተቃጠልን በላን። በሕይወቴ እንደዚያ ግማሽ ቀን የተደሰትኩበት ጊዜ ጥቂት ነው።

ከዚያ ድንጋይ ላይ ተቀመጥንና ስም ተለዋወጥን።

የዛሬ ልጆች ስለማታውቁት ልንገራችሁ። የክርስትና ስም እንደ ዓለም ስም በየሜዳው አይጠራም፤ ክፉ ሰው መተት እንዳያደርግበት ይደበቃል። ካህን ግን ለሞተ ሰው ፍትሐት የሚያደርሰው በዚያ ስም ነው። ስለዚህ ወደ ግንባር ከመሄዳችን በፊት ሁለት ሁለት እየሆንን ስማችንን እንለዋወጥ ነበር፤ የተረፈው ለሞተው እንዲያስጠራለት። እኔ «ወልደ ሥላሴ» አልኩት። እሱም የእሱን በጆሮዬ ነገረኝ። በግልጽ ሰማሁት፣ ደግሜም አልኩለት።

«ወረቀት ላይ እንዳታሰፍረው» አለኝ። «አደራ ጥብቅ፣ ሰማይ ሩቅ።»

«ተቀብያለሁ» አልኩ።

ግንባር በገባን በሳምንቱ ስሙ ጠፋብኝ። አንድ ጠዋት ምሽግ ውስጥ መትረየሱን እየወለወልኩ በልቤ ልጠራው ስል የለም። «ገብረ» የሚለው አለ፤ ቀጥሎ ያለው የለም። ገብረ ሚካኤል፣ ገብረ መስቀል፣ ገብረ ሕይወት እያልኩ ሞከርኩ፤ ሁሉም የእሱ ሊሆን ይችላል፣ አንዱም የእሱ አይመስልም። አንድ ቃል ብጠይቀው ያልቅ ነበር። አፈርኩ። እሱ የእኔን አልረሳም፤ ጧት ጧት ሲነቃ ጆሮዬ ሥር መጥቶ «ወልደ ሥላሴ፣ ዛሬም አለህ?» እያለ ይቀልድብኝ ነበር። ነገ እጠይቀዋለሁ እያልኩ አምስት ቀን አለፈ።

የያዝነው ኮረብታ ስም አልነበረውም፤ ካርታ ላይ ቁጥር ብቻ ነበረው። በስድስተኛው ቀን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የጠላት መድፍ ጀመረ። አሥራ አንድ ተኩል ላይ አቆመ። እግረኛው በጭጋግ ውስጥ መጣ። የሻምበል አዛዡ «ሳላዝ አንድ ጥይት እንዳይተኮስ» አሉ። ጠበቅን። ሰማንያ ሜትር ላይ ተኮስን። መለስናቸው። እንደገና መጡ። መለስናቸው። በሦስተኛው የግራ ምሽጋችን ተሰበረ። ጥይት አለቀብን። ይርጉ ሳጥን ሊያመጣ ወጣ። ስድስት እርምጃ ያህል ሄደ። ሞርታር ወደቀ።

ጎትቼ አስገባሁት። ሆዱ ላይ ነበር የተመታው። አንደበቱ አልተያዘም፤ ውኃ ጠየቀኝ፣ ከልክዬ ከንፈሩን ብቻ አረጠብኩለት። ከዚያ ዓይኔን እያየ፣

«ስሜን ይዘሃል?» አለኝ።

«ይዣለሁ» አልኩት።

እዚያ ጋ ልጠይቀው እችል ነበር። አፉ ይናገር ነበር። ሊሞት ያለን ሰው «ስምህን ረስቼዋለሁ» ማለት አቃተኝ፤ ለእሱ ያዘንኩ መስሎኝ ነበር፣ ለራሴ ክብር ነበር ያዘንኩት። እጄን እንደጨበጠ ሞተ። አንድ ሰዓት ላይ ረዳት ጦር ደረሰ፤ ኮረብታው በእጃችን ቀረ።

ሦስት ሰዓት ላይ ሬሳዎቹን ከኮረብታው ሥር ደርድረን ቆጠርን። የሻለቃችን ቄስ ደብተር ይዘው በየሬሳው ራስጌ እየቆሙ የክርስትና ስሙን ይጠይቃሉ፤ ጓደኛው ይመልሳል፤ ይጽፋሉ። ይርጉ ጋ ደረሱ። የሻምበል አዛዡም፣ ወታደሩም ቆሞ ያየኛል።

«የዚህስ ልጅ ስም?»

«ወልደ ሥላሴ» አልኩ።

ለምን እንዳልኩ እስከ ዛሬ አላውቅም። አላውቀውም ብል ጓደኛውን የማያውቅ ሰው እባል ነበር፤ አፌ ላይ የመጣውም የራሴ ስም ብቻ ነበር። ጻፉት። ጸሎቱ ተደረገ። የራሴን ፍትሐት ቆሜ ሰማሁ።

ወደ አገር ከተመለስን በኋላ በበቅሎ ሁለት ቀን ተጉዤ መንደሩ ሄድኩ። ይርጉ እናት አባት አልነበረውም፤ ያሳደገችው አክስቱ ነበረች። ቤቷ ተዘግቷል፤ በኅዳር ማረፏን ጎረቤቶቿ ነገሩኝ። የክርስትና ስሙን የሚያውቅ እንዳለ ጠየቅሁ። አንድ ሽማግሌ «እኛ የምናውቀው ይርጉ ብለን ነው፤ አንተ አብረኸው አልነበርክ እንዴ?» አሉኝ። በመጣሁበት በቅሎ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩ። መጀመሪያ ፈራሁ፣ ቀጥሎ ማዕረግ አገኘሁ፣ ቀጥሎ እሳቸው ሞቱ። አደራ በላ የሚባለው እኔ ነኝ።

ሶስና ስልኳን አጥፍታ ሰማችኝ። ዓይኗ እንባ ሞልቶ ነበር።

«ጎድ ስሙን ያውቀዋል፣ አባባ» አለችኝ።

«እሱማ ያውቃል» አልኳት። «የተጠየቅሁት ግን እኔ ነበርኩ።»

«ቡሳን ስደርስ ፕሬይ ላድርግለት?»

እናቷ ከምድጃው ጋ ሆና ትሰማ ኖሯል። የወንጌል አማኝ ናት፤ እሷም ሶስናም የሚከተሉት እምነት ያ ነው። «ሶሲ፣ ለሞተ ሰው አይጸለይም» አለች፤ ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አባባ፣ ይቅር ብሎሃል እኮ፤ አሁን ተወው» አለችኝ። ልታጽናናኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ይቅር ያለኝ ማን እንደሆነ ግን አልጠየቅኋትም። ሶስና እጄን ይዛ «እና ምን ላድርግልህ?» ስትል ደግማ ጠየቀችኝ።

«ምንም የምታደርጊው የለም፣ ልጄ» አልኳት። እውነቱ ይኸው ነው።

በዚያ ጠዋት ከሻምበላችን የሞተው አሥራ አንድ ሰው ነው። አሥሩ በየስማቸው ተጠርተዋል። አሥራ አንደኛው ይርጉ ነው፤ በእሱ ቦታ የተጠራው ስም የእኔ ነው። እኔም በቅርቡ እሞታለሁ፤ ወልደ ሥላሴ ተብሎ ቢጸለይልኝ ለሁለተኛ ጊዜ ይሆናል። የእሱን ግን የሚያውቅ ሰው በምድር ላይ የለም።