የአባቴ ረጅም ሰላምታ

አባቴ ድሮ ለሰላምታ ጊዜ አልነበረውም። መዶሻና መሮውን በማዳበሪያ ከረጢት ጠቅልሎ ትከሻው ላይ ጣል ያደርግና፣ ለጎረቤቱ ሁሉ እጁን ብቻ እያነሳ ከሰፈራችን ወደ አስፋልቱ የሚወስደውን ዳገት በሩጫ ይወጣው ነበር። ድንጋይ ጠራቢ ነው። ከባጃጅ ውስጥ ሆኜ እንኳ አሰላ ካሉት የግንብ አጥሮች የሱን ጥርብ እለያለሁ።

ማታ ሲመጣ ቅንድቡ ሳይቀር ነጭ ነበር። "ሸምግለህ መጣህ?" ትለዋለች እናቴ። ጠራቢዎቹ ከሥራ ሲወጡ ወተት ቤት ይገባሉ፤ ወተት አቧራውን አጥቦ ያወርደዋል ብለው ያምናሉ። አፍንጫውን የሸፈነ ሰው ካለ "ሙሽራዋ መጣች" ብለው ይስቁበታል።

ባለፈው ክረምት ሳል ይዞት አልለቀው አለ። ሐኪሟ የደረቱን ራጅ ወደ መብራቱ አንስታ አሳየችን። ወተት የሚገባው ሆድ ውስጥ ነው፣ የድንጋዩ ብናኝ ግን ሳንባ ውስጥ ተቀምጧል፤ ሳንባውም ከሱ ጋር ሲታገል ቆስሏል፣ ሥራ ቢያቆም እንኳ ቁስሉ አይጠፋም አለች። እንዳይብስበት ከአቧራ መራቅ አለበት። አባቴ "እሺ፣ ዶክተር" አለ፤ ጎበዝ ተማሪ መሰለ።

ሰላምተኛ የሆነው ከዚያ በኋላ ነው። ዳገቱ ላይ ያገኘውን ሁሉ ያቆማል። ስለ ልጆች፣ ስለ ላም፣ ስለ ገብስ፣ ሮቤ ስላሉ ዘመዶች ይጠይቃል። እኛ አገር ሰላምታ ከተጀመረ በአጭሩ አይቆረጥም፤ የተጠየቀው ሰው ሁሉንም ይናገራል። አባቴ ራሱን እየነቀነቀ ይሰማል፤ እየሰማ ይተነፍሳል። ጎረቤቶቻችን "እንዴት ያለ ሰው ወጣው" ብለው ወደዱት። እኔ የማየው ትከሻውን ነበር። ከፍ ዝቅ ማለቱን እስኪተው ድረስ ከጥያቄ ወደ ጥያቄ ይሻገራል።

በዚህ ጥቅምት የድሮ የሥራ ጓደኛው ደወለ። ዲክሲስ ከተማ የትምህርት ቤት አጥር ሊሠራ ነው፣ የማዕዘን ድንጋይ የሚጠርብ ጠፍቷል። አባቴ "መጣሁ" አለ። እናቴን "ወተት እጠጣለሁ" ብሎ ሊያባብላት ሞከረ። ፊቷን አዞረች።

ጠዋት ከረጢቱን ይዤለት አብረን ወጣን። ባለ ሱቁን ሰላም አለ። ባለ ጋሪውን ሰላም አለ፤ ፈረሱን ጭምር። ከዚያ በላይ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም። አባቴ ቆመ። ከንፈሩ አመድ መስሏል። ግራ ቀኝ አየ። ዞር አለና እኔን፣ አብሬው አንድ ቤት ያደርኩትን ልጁን፣ "አካም ቡልቴ?" አለኝ። እንዴት አደርሽ ማለቱ ነው።

ሳቄ መጣ፤ አንጀቴንም በላው።

"ደህና ነኝ አባዬ፣ አልሃምዱሊላህ" ብዬ ጀመርኩ። "ልጆቹም ደህና ናቸው። ላሞቹም ደህና ናቸው።" ላም የለንም። "ጥቁሯ ወለደች። ገብሱ አምሯል፣ ዋግ ትንሽ ነካው እንጂ። የሮቤዋ አክስቴ ጥርሷን አሟት ነበር፣ አሁን ተሻላት።" ትከሻው እስኪረጋ ድረስ ዝም አላልኩም።

"ምን ወለደች?" አለኝ በመጨረሻ።

"መንታ።"

"አንቺ ልጅ፣ መቼ ነው ያወቅሽው?"

"ባለ ሱቁን ስለ በጎቹ የጠየቅከው ቀን። በግ የለውም እኮ።"

"እናትሽስ?"

"እሷማ ከኔ በፊት።"

መንገድ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ከላይ አስፋልቱ ላይ ጓደኛው ሚኒባስ አጠገብ ቆሞ እጁን ያውለበልባል። አባቴ ስልኩን አወጣ።

"አልመጣም" አለው። "አይ፣ አልተቀየምኩም። ደረቴ ነው።" ለሰው ይህን ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። "ጠራቢዎቹ ልጆች ድንጋዩን ውሃ እያርከፈከፉ ይጥረቡ። አፍንጫቸውን ይሸፍኑ። የሚስቅ ይሳቅ።"

ጓደኛው ስልኩን ዘግቶ ወደ እኛ ወረደ። አባቴን ትከሻውን ያዝ አደረገው። አባቴ ከረጢቱን ከእጄ ወስዶ ሰጠው።

"መሮው አዲስ የተሳለ ነው፣ እጅህን እንዳይቆርጥህ" አለው። ከዚያ ከተቀመጠበት እንዳነሳው እጁን ወደ እኔ ዘረጋ።