ሁለት ፍሬ ገብስ በቃላት መካከል

ይህ ትዝታ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ክፉውን ቀን ያየ ሰው ሁሉ ከእኔ የበለጠ የሚያወራው አለው፤ እኔ ደግሞ የማወራው ልጆች ሲጽፉ ቃልን ከቃል መለየት እንዴት እንደተማሩ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ዘንድሮ ጎልምሼ በገባሁበት አዲስ ትምህርት ቤት መምህራችን ጽሑፌን አንሥተው ለክፍሉ ካሳዩ ወዲህ ነገሩ ከልቤ አልወጣ አለ። ጓደኞቼ ሳቁብኝ። አንዱማ በእኔ ቃላት መካከል ጥማድ በሬ ያለ ችግር እንደሚያልፍ ተናገረ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ በሬ ሲል ግን ሳቄ ቶሎ ጠፋ።

ልጅ እያለሁ የምንኖረው ከመዘዞ ወደ አንኮበር በሚወስደው መንገድ አጠገብ፣ ገደል አፋፍ ላይ ባለች ደብር ነበር። ጠዋት ጠዋት ከቆላው የሚወጣው ጉም ቤተ ክርስቲያኑን ይሸፍነዋል። እኛ ከቅጥሩ ውጭ፣ ከትልቁ ጥድ ሥር፣ ለምዳችንን ለብሰን እንቀመጣለን። የእርጥብ ለምድና የጥላሸት ቀለም ሽታ ተቀላቅሎ ዛሬም ድረስ አፍንጫዬ ውስጥ አለ። የኔታ ብራና የሚጽፉ ቁም ጸሐፊ ስለነበሩ ከንባብ ሌላ ጽሕፈትም ያስተምሩን ነበር። ብራና ለልጅ አይሰጥም፤ የምንጽፈው ተፍቆ በነጣ የበሬ ትከሻ አጥንት ላይ ነበር። ሲሞላ አጥበን እንደገና እንጽፍበታለን። አጥንት የሚገኘው ለፋሲካ በሬ ሲታረድ ስለሆነ ለሦስት ለአራት ሆነን አንዱን እንጋራ ነበር።

የኔታን የሚያናድዳቸው ቃላትን አጣብቆ የሚጽፍ ልጅ ነበር። ቃልና ቃል ጎረቤት ናቸው፣ ድንበር ካልተበጀላቸው ይጣላሉ ይሉ ነበር። ስለዚህ ሁለቱን ነጥብ በቀለም ከማድረጋችን በፊት ከትንሽ ቅል የገብስ ቆሎ ያድሉናል። በየቃሉ መጨረሻ ሁለት ፍሬ፣ አንዱን ከላይ አንዱን ከታች፣ ግራና ቀኙን ክፍት ትተን እናስቀምጣለን። አይተው ካሳለፉልን ነጥባችንን እንበላዋለን። ጓደኛዬ ደምሴ ሁልጊዜ ሦስትና አራት ፍሬ ይደረድር ነበር።

«አንተ ልጅ፣ ምሳህን ነው የምትጽፈው» ይሉታል የኔታ፤ ከጥዱ ሥር ሳቅ ይሆናል።

የከብቱን እልቂት መጀመሪያ የነገሩን ከአልዩ አምባ ጨው ይዘው የሚወጡ ነጋዴዎች ነበሩ። በሰሜን ከብት በየሜዳው እየወደቀ ነው፣ አላህ ይመልሰው እያሉ ያልፉ ነበር። ቆይቶ ነጋዴዎቹም መምጣት ተዉ። ከዚያ አንድ ጠዋት ከጥዱ ሥር ስንደርስ ለእያንዳንዳችን የየራሳችን አጥንት ተቀምጦ አገኘን። እኛ ፈነደቅን። የኔታ ግን ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዙረው ቆሙ። ብዙም ሳይቆይ አጥንት የሚሻማ ልጅ ጠፋ፤ ሜዳው ራሱ በአጥንት ነጥቶ ነበር። አሞራው ከመጥገቡ የተነሣ መብረር አቃተው። ጅብ በቀን መንገድ ላይ መታየት ጀመረ።

በሬ ከሌለ እርሻ የለም። ሰው መጀመሪያ ጎተራውን ጨረሰ፣ ቀጥሎ ለዘር ያኖረውን በላ። አንድ ቀን የኔታ ቅሉን ሲከፍቱ ገብሱ ያልተቆላ ሆነ። ፊታችንን አንድ በአንድ ተመለከቱ።

«ከዛሬ ጀምሮ ነጥቡ አይበላም» አሉ። «በደብራችን የቀረው ዘር ይህ ነው።»

ቀብረው ሊያኖሩት ይችሉ ነበር። እርሳቸው ግን በየቀኑ በእጃችን ያሳልፉት ነበር፤ ትምህርቱ ሲያበቃ እያንዳንዱን ፍሬ ለቅመን ወደ ቅሉ እንመልሳለን። ፍሬውን በጣቴ ይዤ ምራቄ አፌን ሲሞላው አሁንም ይታወቀኛል። በዚያ ሰሞን ደምሴ ሁለት ፍሬ ብቻ ማስቀመጥ ጀመረ። ይህን ሳይ ከአሞራውም ከጅቡም ይልቅ ፈራሁ።

ሁዳዴው ሳይገባ ደምሴ መምጣት አቆመ። በእርሱ ፋንታ እናቱ እትዬ ብርቄ መጣች። ባሏ እህል ፍለጋ ወደ አንኮበር ወርዶ አልተመለሰም ነበር። ልጇ ከመደቡ መነሣት እንዳቃተው ነግራ ከቅሉ ለአንድ ማታ ገንፎ የሚሆን ለመነች።

«ብርቄ፣ ለአንድ ማታ እኮ ነው» አሉ የኔታ።

«ልጄ ከሞተ ማን እንዲበላው ነው የሚዘራው?»

የኔታ ቅሉን በሁለት እጃቸው አንሥተው ሰጧት።

«እንኪ፤ አንቺ ዘንድ ይሁን። የምታደርጊውን አንቺ ታውቂያለሽ።»

በነጠላዋ ሸፍና ወሰደችው። ያ ነገር ምሕረት ይሁን ወይስ ከባድ ሸክም፣ ዛሬም ለይቼ አላውቅም።

ከዚያ በኋላ ትምህርት አልነበረም። ሳማና የዱር ጎመን ስንለቅም እንውላለን። ደምሴ በሚያዝያ ሞተ። የቅሉን ገብስ በልተውት አልበቃቸውም ብለን አሰብን፤ የፈረደባትም ሰው አልነበረም። በግንቦት የኔታ ዐረፉ። አቅም ያለው ጎልማሳ ስላልነበረ መቃብራቸውን የቆፈርነው እኛ ተማሪዎቻቸው ነን፤ ጥልቀት አልነበረውም፣ ጅብ እንዳያወጣቸው ድንጋይ ቆለልንበት።

የሰኔ ዝናብ እንደጀመረ እትዬ ብርቄ ከጥዱ ሥር መጣች። ከነጠላዋ ውስጥ ቅሉን አወጣች፤ ከፈተችው። ገብሱ እንዳለ ነበር። ማንም ሳይጠይቃት መሬት መሬቱን እያየች ተናገረች።

«ልቆላው ብረት ምጣዱን ጣድሁ። ደምሴ እጄን ያዘኝ። እማዬ፣ ነጥቡ አይበላም አለኝ።»

የየኔታን ጓሮ በመቆፈሪያ ቆፈርን። አንድ ሽማግሌ እንደ ልማዱ ዘሩን ሊበትኑት እጃቸውን ቢዘረጉ ከለከለቻቸው። መበተን ለሞላለት ነው፣ እነዚህ ልጆች ያውቁበታል አለች። ተንበርክከን ሁለት ፍሬ አስቀመጥን፤ ክፍት ተውን፤ ሁለት ፍሬ አስቀመጥን። ቃል አልነበረም፤ በዚያ ጭቃ ላይ ነጥቡ ብቻ ነበር። ቦታ ያገኘው ገብስ ከአንድ ሥር ብዙ አገዳ አወጣ። የዚያን ዓመት አዝመራም ለየቤቱ ለዘር ተካፈልነው እንጂ አልቀመስነውም።

ዛሬ ወረቀት ሞልቷል፤ በቀለም ብልቃጥ የሚሻማ ልጅ የለም። ጓደኞቼ ግን ቃላቱን አጨናንቀው ይጽፋሉ። መምህሬ ክፍተቱን ጠበብ እንዳደርግ በትሕትና መክረውኛል፤ እርሳቸውን ለማስደሰት እየሞከርሁ ነው። ነገር ግን አንድ ቃል ጨርሼ ብዕሬን ሳነሣ፣ ደምሴ ከጎኔ ተቀምጦ ሁለተኛዋን ፍሬ በጥንቃቄ ሲያስቀምጥ አየዋለሁ፤ እጄም ቦታ ይለቅለታል።

ያን ገብስ በዘራን በማግሥቱ ዓመት፣ የሁሉም ማሳ ሲታጨድ እትዬ ብርቄ አዲሱን ገብስ ቆልታ ከጥዱ ሥር ጠራችን። በየመዳፋችን ሁለት ሁለት ፍሬ አስቀመጠችልን። አንዳችንም ወደ አፋችን አላስጠጋነውም፤ ፊቷን እያየን ቆምን። «ብሉ ልጆቼ፤ ከእንግዲህ ይበላል» አለችን። ኅዳር ፳፩ ቀን ፲፰፻፹፭ ዓመተ ምሕረት ነበር።