ጋሽ ልክክ ያልጨረሰው መቁጠሪያ

አባቴን ሰፈሩ «ጋሽ ልክክ» ይለዋል። ሥራው የእንጨት መቁጠሪያ ነው። ፍሬውን በመጋዝ ይቆርጣል፣ በሞረድ ክብ ያደርጋል፣ በብርጭቆ ወረቀት ያለሰልሳል፤ ከዚያ ዘንበል ባለ መስታወት ላይ ይለቀዋል። ቀጥ ብሎ የወረደ ያልፋል። ወደ ጎን ያለው ቆርቆሮ ውስጥ ይጣላል፤ ቆርቆሮውም ቅዳሜ ቅዳሜ ምድጃ ውስጥ ይገለበጣል። እኔ ልጅ ሳለሁ ከአስር ፍሬ ሰባቱ ይቃጠል ነበር።

ገዢ ሲመጣ ሌላ ሰው ይሆናል። ድምፁን ዝቅ አድርጎ አያያዙን ያስተምራል። «አንዷን ፍሬ ስትይዢ ካለሽ ነገር አንዱን አስቢ። ጣሪያ አለኝ፣ ይበቃኛል። ዓይኔ ያያል፣ ይበቃኛል። ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፊ። አትቸኩይ፣ የኔ ልጅ።» ሰዎች ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ይሄዳሉ። እናቴ ከመጋረጃው ጀርባ ሽንኩርት እየከተፈች ትስቃለች። «ይሄን ሰውዬ ለእኛም በሸጡልን» ትላለች። እቤት ውስጥማ ሾርባው ይቀጥናል፣ ኮሌታው ይሸበሸባል፤ እኔ ዘጠና ስድስት ሳመጣ «አራቱ የት ገባ?» ይባላል።

እናቴ አንድ መቁጠሪያ ትፈልግ ነበር። አልፎ አልፎ «ለእኔስ?» ትለዋለች። «ያንቺማ እንደማንም አይሠራም። እንጨቱ ይድረቅ» ይላታል። እውነትም የወይራ ሥር በጨርቅ ጠቅልሎ መደርደሪያ ላይ አስቀምጦላት ነበር። እንጨቱ ለዓመታት ደረቀ።

ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነገሩን በራሴ ልጨርሰው አሰብኩ። ቅዳሜ ሳይደርስ ከቆርቆሮው ፍሬ ለቅሜ፣ በስፌት ክር ሰክቼ ለእናቴ ሰጠኋት። ቀኑን ሙሉ አንገቷ ላይ አድርጋው ዋለች። አባቴ ሲያይ አልጮኸም። ክሩን በመቀስ ቆርጦ ፍሬዎቹን ምድጃ ውስጥ ጨመራቸው። «ለእናትሽ የሚጣል ነገር አይሰጣትም» አለኝ። እናቴ ዝም አለች። ለዚያ ዝምታዋ እሷንም ተቀይሜያታለሁ። ከዚያ ወዲህ የእሱን ሞረድ በእጄ አልነካሁም፤ አድጌ ልብስ ሰፊ ሆንኩ።

እናቴን ስኳር ያዛት። ዓይኗ ደከመ፣ ቀስ በቀስ የሁለቱም እጆቿ ጣቶች ደነዘዙ። ያኔ አባቴ ደነገጠ። የወይራውን ሥር አውርዶ በሁለት ሳምንት መቶ ፍሬ ሠራ፤ አንዷም ከመስታወቱ አልሳተችም። ጉልበቷ ላይ አስቀመጠላት። እናቴ አንድ ሁለቴ ሞከረችው።

«ያንሸራትተኛል» አለች። «የቱ ጋ እንደደረስኩ አላውቅም። ያ ልጅቷ የሰካችው ቢኖር ጥሩ ነበር። እሱ ጎርበጥ ጎርበጥ ይል ነበር፣ ይያዛል።»

ክፋት አስባ አይደለም። አባቴ ግን ሄዶ ቆርቆሮውን ገለበጠ። ባዶ ነበር፤ እጁ መሳሳት ካቆመ ቆይቷል።

እንጨቱን ጥርብ አድርጎ ቢተወው ስለት ያለው ጠርዝ የደነዘዘ ጣቷን ያቆስላል። ለስላሳ ሆኖ ክብ ያልሆነ መሆን አለበት። ማለስለስ ሲጀምር ደግሞ እጁ ሳያስበው ክብ ያደርገዋል። ሞረዱን ወደ ግራ እጁ አዛወረ። በሳምንት አንዷ ብትወጣለት ነው። አንድ ቀን ሱቄ ድረስ መጣና ደፍ ላይ ቆሞ፣ «አንቺ ሥሪላት። ያንቺ እጅ ሞረድ አልለመደም፤ ይችላል» አለኝ።

ዕድሜዬን ሙሉ የጠበቅኩት ቀን ነበር። «ለእናትሽ የሚጣል ነገር አይሰጣትም አላልከኝም?» አልኩት። ቆቡን አስተካክሎ ሄደ። እኔ ደስ ብሎኝ ዋልኩ፤ አሁን ስናገረው ያሳፍረኛል።

አስራ አንድ ፍሬ ሠራላት። በወፍራም ክር ሰክቶ ሰጣት። ልጠይቃት ስሄድ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣ ትቆጥራለች።

«እማዬ፣ አስራ አንድ ምን ይሆንልሻል?» አልኳት።

«እየዞርኩ እመለሳለሁ። አባትሽ ሻይ ያፈላልኛል፣ ይበቃኛል። አንቺ በሳምንት አንዴ ትመጫለሽ፣ ይበቃኛል።»

አስራ ሁለተኛውን ሲሞርድ እናቴ አረፈች።

ለቀስተኛው ከሄደ በኋላ አባቴ ጠረጴዛው ጋ ተቀምጦ ከዚያው ፍሬ ጋር በግራ እጁ ይታገላል። ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩትም። ከእጁ ተቀብዬ እኔ ጨረስኩት። ስመልስለት ልማድ ሆኖበት መስታወቱ ላይ ለቀቀው። ፍሬው ወደ ጎን ሄዶ ከጠረጴዛው ወደቀ። አባቴ ተንበርክኮ በመዳፉ ወለሉን እየዳበሰ ፈለገው፤ ሲያገኘው ኪሱ ከተተው።

«እንዲህ ያለ ነበር የፈለገችው» አለኝ።

ፍሬውን ለመጨረስ የፈጀብኝ ሩብ ሰዓት ነው።