ጨዋ የተባለችበት ክረምት

ሽሮ ሜዳ የሐጂ ሙዘይንን ሱቅ የሚያውቅ ሁሉ ልጃቸውን ኡሙሀኒን ያውቃታል። ጋቢ ከመደርደሪያ አውርዳ በአየር ላይ ስትዘረጋው የታሠረ ደመና የፈታች ትመስላለች። ድምጿ ዝግ ያለ ነው። ከገዢ ጋር ተጨቃጭቃ አታውቅም፤ ኬሚስትሪ የተማረች መሆኗንም ካልጠየቋት አትናገርም። ዲግሪዋ ከነጠላዎቹ በላይ በፍሬም ተሰቅሎ፣ የወርቅ ቀለሙ በፀሐይ ሲደበዝዝ ዓመታት አልፈዋል። ሰፈሩ «ጨዋ ልጅ» ይላታል። ይህን ቃል ከልጅነቷ ጀምሮ ለብሳው ነው ያደገችው፤ ይሞቃታል።

ባለፈው ክረምት፣ ከቁስቋም በታች ያለ አንድ የምርምር ማእከል አጭርና ጥድፊያ የበዛበት ኮርስ ከፈተ። ትምህርቱ ክሪስታሎግራፊ ይባላል። በዓይን የማይታየውን ቅንጣት በረድፍ አሰልፎ ክሪስታል እንዲሆን ማድረግ፣ ከዚያም ኤክስሬይ እያበሩ አሠራሩን ማንበብ ነው። ከሠልጣኞቹ መካከል የተሻለ የፕሮቲን ክሪስታል ያሳደገ አንድ ሰው እዚያው በተመራማሪነት ይቀራል፤ የቀረው ወደመጣበት ይመለሳል።

ወንድሟ ሳቢት ሐዋሳ የራሱን ሱቅ ሊከፍት ጓዙን እየሸከፈ ነበር። ስለዚህ ሐጂ ሙዘይን ቁርጡን ነገሯት።

«ክረምቱን ተማሪ፣ ልጄ። ቦታውን ካገኘሽ ለሱቁ ሰው እፈልጋለሁ። ካላገኘሽ ግን ቁልፉን ተረከቢኝ። ጉልበቴ ከድቶኛል።»

«እሺ፣ አባባ» አለች። እሺ ስትል ግን ልቧ ዲግሪው የተሰቀለበትን ሚስማር ነቅሎ ወጥቷል።

ሥራው ትዕግሥት ነው። ከእንቁላል ነጭ የወጣ ፕሮቲን በጨው ውሃ ይቀላቀላል። ከድብልቁ አንዲት ጠብታ ከቀጭን መስታወት ሥር ትንጠለጠልና ዙሪያዋ በቅባት ይታሸጋል። ከዚያ ወዲያ መጠበቅ ብቻ ነው። ጠብታዋ ውሃዋን ቀስ እያለች ስትለቅ ፕሮቲኑ ይሰበሰባል፣ ይደረደራል። ቅባቱ ላይ የፀጉር ያህል ክፍተት ከተገኘ ግን ጠብታዋ ትደርቅና ጨው ብቻ ይቀራል። እሱም ክሪስታል ይሠራል። እሱም ያምራል።

የኡሙሀኒ ጠብታ ከሁሉም ቀድማ አበበች። ማይክሮስኮፑ ላይ ስታጎነብስ፣ ጠርዙ የተሳለ፣ ንጋት ላይ እንደሚታይ ጤዛ የጠራ አንድ ነገር ከጨለማው መሐል ቁጭ ብሎ ጠበቃት። ቆርቆሮውን ሲደበድብ የከረመው ዝናብ ክረምቱን ሙሉ ለእሷ ሲያንጎራጉር የነበረ መሰላት።

«ዶክተር፣ እስቲ ይዩልኝ።»

አስተማሪው ዶክተር ደበላ ጎንበስ ብለው አዩ። የመስታወቱን ዙሪያ በጣታቸው ዳበስ አደረጉት፤ ጣታቸው አንድ ቦታ ላይ ሲደርስ ቆመ። ኡሙሀኒ ለክሪስታሉ የሳሱለት መሰላት።

«ቆንጆ ነው» አሉ ቀና ብለው። «እስከ መጨረሻው ቀን እንዳትነኪው።»

አጠገቧ የምትቀመጠው ሉሊትም አየች። ሉሊት የዊንጌት ልጅ ናት። ምሳቸውን ከአንድ ሳህን ይበላሉ፤ ታክሲ ሲጋፉ እጅ ለእጅ ይያያዛሉ። ያን ቀን ታክሲው ውስጥ፣ ጭቃ በረጨው መስኮት በኩል ኡሙሀኒ ዳገቱን እያየች፣

«ሉልዬ፣ ጨው ቢሆንስ? ጠብታው ውስጥ ጨው አለ እኮ። ቅርፁም እንደ ጨው ኩብ ነው» አለቻት።

«በቃ ሟርት አታብዢ። ቆንጆ ነው አሉሽ አይደል?»

«አሉኝ።»

«እና ምን ቀረሽ? ሌላ እጀምራለሁ ብለሽ እንዳትሞኚ ደግሞ።»

ኡሙሀኒ ራሷን ጓደኛዋ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። ሌላ ጠብታ አልጀመረችም። ሉሊት ግን በማግስቱ ማልዳ ገብታ የራሷን ጠብታዎች ቅባት አንድ በአንድ አየች፤ የሳሳውንም ደፈነች።

ክፍሉ ሁሉ ክሪስታሏን በየተራ ካየ በኋላ ስም ወጣላት። ያወጣው ዘርዓብሩክ ነው፤ በልጅነቱ ቅኔ ቤት የተቀመጠ፣ አሁን መድኃኒት ቤት የሚሠራ፣ አፉ የማያርፍ ሰው። በሩን ከፍታ ስትገባ ጠረጴዛውን እንደ ከበሮ እየመታ ያንጎራጉርላት ጀመር።

ከጠብታዋ መሐል ሳይነኩት ያደገው፣
ማን ይሆን ብላቸው መልሳቸው ጨዋ ነው።

ክፍሉ ይስቃል። ኡሙሀኒም አፏን በሻርፗ ጫፍ ሸፍና ትስቃለች። ሰፈሯ የሰጣት ስም ዳገት ወጥቶ የተከተላት መሰላት። ማታ ለአባቷ ነገረቻቸው።

«ጨዋ ነው የሚሉኝ፣ አባባ። ሁሉም።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ ሐጂ ሙዘይን። «ሊቃውንት መሐል ገብቶ እንዲህ መባል ቀላል አይደለም።»

በመዝጊያው ቀን ቤተሰብ ተጠራ። ሐጂ ሙዘይን ለአስተማሪዋ ያሸመኑትን ጋቢ ታቅፈው ከኋላ ተቀመጡ። የሠልጣኞቹ ሥራ በየተራ ከማይክሮስኮፑ ግድግዳው ላይ ጎልቶ ታየ። ከሉሊት ክሪስታሎች አንዱ መርፌ ሲነካው ድምፅ ሳያሰማ እንደ አይብ ፈረሰ። ተጨበጨበላት። የኡሙሀኒን ክሪስታል ዶክተር ደበላ ለመጨረሻ አቆይተውት ነበር። ግድግዳውን ሞልቶ ሲያበራ አባቷ፣

«ማሻአላህ» አሉ፤ አጠገባቸው ያለውም ሰው ሰማ።

ዶክተር ደበላ መርፌውን ሰጧት።

«የፕሮቲን ክሪስታል አብዛኛው ውሃ ነው፤ ለስላሳ ነው። እስቲ ንኪው።»

«ይጠፋብኛል እኮ፣ ዶክተር። ያለኝ እሱ ብቻ ነው።»

«ንኪው።»

ነካችው። ቀጭ አለ። ድንጋይ ጥርስ ላይ ሲሰበር የሚያሰማው ዓይነት ትንሽ ድምፅ። ግድግዳውን የሞላው ብርሃን ቀጥ ባለ መስመር ለሁለት ተከፈለ።

«ጨው» አሉ ዶክተር ደበላ ወደ ክፍሉ ዞረው። «ቅባቱ ክፍተት እንደነበረው ያየሁት ገና ሲጀመር ነው። ሆን ብዬ ተውኩት። የነገርኳችሁን ሁሉ ትረሱ ይሆናል፤ ይቺን ግን አትረሷትም።»

«ጨዋ» አለ ዘርዓብሩክ ከመሐል፤ በዚህ ጊዜ ግን ድምፁን «ዋ» ላይ አሳርፎ፣ አጥብቆ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ።

ያኔ ገባት። ፊደሉ ያው ነው። ላላ ብሎ ሲነበብ የደህና ሰው ልጅ ያደርጋታል፤ ጠበቅ ሲል የእሷ ጨው ይሆናል። ያን ሁሉ ጠዋት በሩን ስትከፍት ሲነግሯት ነበር። አብራ ስቃለች። ግጥሙን ዕቃ እያጠበች በቃሏ አንጎራጉራዋለች።

ከኋላ ሐጂ ሙዘይን የሰሙት ሳቁንና ቃሉን ብቻ ነበር። ጋቢውን ይዘው በደስታ ወደ ፊት መጡ፤ በዶክተር ደበላ ትከሻ ላይ ደረቡላቸውና መረቋቸው። ዘርዓብሩክ ከወንበሩ ተነሥቶ በሁለት እጁ ጨበጣቸው።

«ልጅዎን ጨዋ ነው የምንላት፣ ሐጂ።»

«ነግራኛለች፣ ልጄ። ነግራኛለች።»

ኡሙሀኒ መርፌውን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች።

ቦታው የሉሊት ሆነ። ግቢው በር ላይ ዝናቡ እስኪያባራ ሁለቱ ጎን ለጎን ቆሙ።

«ታውቂ ነበር፣ ሉልዬ?»

«አውቅ ነበር።» ሉሊት ጃንጥላዋን እየፈታች ነው። «ብነግርሽ ሌላ ታሳድጊ ነበር። ከእኔ ይልቅ እጅሽ ለስላሳ ነው፤ ትበልጪኝ ነበር። ቦታው ደግሞ አንድ ነው።»

ታክሲ መጣ። ሉሊት ገባች፤ ኡሙሀኒ በእግሯ ወረደች።

ሳቢት ሐዋሳ ሄደ። ቁልፉ የኡሙሀኒ ቀሚስ ኪስ ውስጥ ገባ። ሐጂ ሙዘይን አሁን በር ላይ ባለችው በርጩማ ተቀምጠው፣ ለገባ ለወጣው ያቺን ቀን ያወራሉ። «ዶክተሮቹ ሳይቀሩ ጨዋ አሏት» ይላሉ። ገዢው፣ «ይገባታል፣ ሐጂ» ይላል። እሷ ጥለቱን ታስተካክላለች። ማንም ጠበቅ አድርጎ አይልም። እሷ ግን ጠብቆ ነው የሚሰማት።

ጥቅምት ላይ ሉሊት ለእናቷ ጋቢ ልትገዛ መጣች። ሐጂ ሙዘይን ገና ከሩቅ አወቋት፤ ተነሥተው ቦታቸውን ለቀቁላት። ሱቁ ውስጥ አንዲት ሴትዮ ነጠላ ያማርጣሉ።

«እቺ ናት ጓደኛዋ» አሏቸው ሐጂ። «እስቲ ንገሪያቸው፣ ልጄ። እዚያ ምን ነበር የምትሏት?»

ሉሊት ወደ ኡሙሀኒ አየች። ኡሙሀኒ ጋቢውን አጣጥፋ፣ በላስቲክ ጠቅልላ፣ ገመድ እያሰረችለት ነበር።

«ጨዋ» አለች ሉሊት፣ በለሆሳስ፣ እጅግ አላልታ።

«አጥብቂው» አለቻት ኡሙሀኒ።

ሐጂ ሙዘይን የገመዱ ነገር መሰላቸው። ጎንበስ ብለው ጫፉን ከልጃቸው እጅ ተቀበሉና በጥርሳቸው ስበው፣ ደግመው ቋጠሩት።