አሥራ ሦስት ሽንሽን

ሆንግ ኮንግ፣ ቶ ክዋ ዋን ሰፈር፣ በላውንደሪውና በመድኃኒት ቅጠል ሻጩ መሃል፣ የቺም ዳቦ ቤት አለ። በግራ ምድጃው የእንቁላል ታርት ያወጣል፣ በቀኝ የቀርከሃ ቅርጫቶች ተደራርበው ሲተኑ ይውላሉ። መቀመጫ የሚባል ነገር የለም፤ ከፍሎ፣ በፌስታል አንጠልጥሎ መሄድ ነው። መስታወቱ ሥር ደግሞ ነጭ ቆብ ያጠለቀ ሽማግሌ ቁጭ ብሎ ሃጋው የሚሉትን በእንፋሎት የሚበስል የሽሪምፕ ጥቅል ይሠራል። ንጋይ ሲፉ ነው የሚሉት፤ ሲፉ የሚባለው ሙያውን ጨርሶ የጨበጠ ሰው ነው። ድብልብሏን ሊጥ በሰፊ ቢላዋ ጎን ጠፍጠፍ፣ ሽሪምፑን መሃሏ ጣል፣ ከዚያ በሁለት ጣቶቹ ሽንሽን፣ ሽንሽን፣ አሥራ ሦስት ጊዜ። አሥራ ሁለት አይሆንም፣ አሥራ አራትም አይሆንም። አላፊ አግዳሚው ቆሞ ስልኩን ይደግንበታል። "እጁን እዩት በናታችሁ! ማሽን እንኳ እንዲህ አያደርግም!" ይባባላል።

ጉዱን ልንገራችሁ፤ ያቺ የሚጠቀልላት ሃጋው አትበላም። ውስጧ ሽሪምፕም የለ፤ የተከተፈ ነጭ ራዲሽ የሚሉት ሥር ነው፣ ከመስታወት ማዶ ላየው ይመስላል። እኩለ ቀን ሲሆን አንድ በአንድ ይፈታታቸዋል፣ ሊጡን መልሶ ያሸዋል፣ እንደገና ይጀምራል። ሕዝቡ የሱን እጅ እያየ ምራቁን ውጦ፣ ገዝቶ የሚሄደው ግን ከድንበር ማዶ ፋብሪካ በረዶ ሆኖ በካርቶን የመጣውን ነው።

ሰው እንዲህ ያለ ነገር ውስጥ በአንድ ቀን አይገባም። ንጋይ ከድንበር ማዶ ከሹንታክ ገጠር ሆንግ ኮንግ ሲገባ አሥራ አራት ዓመቱ ነበር። ትልቅ ሻይ ቤት ተቀጥሮ ሦስት ዓመት ሙሉ ቅርጫት ብቻ አጠበ። ሊጥ መንካት ሲፈቀድለትም ጌታው በመዳመጫ እንጨት ጣቱን እየመታ ነው ያስተማረው። "ሽሪምፕ አይፈጭም! የሚፈጭ ሰው ሌባ ነው፣ የገማውን ሊደብቅ ነው! ሙሉውን ነው፣ ጥርስ ላይ ቀጭ የሚለውን!" ይቺን ቃል ንጋይ እንደ መሐላ ያዛት። በሠላሳ ስድስት ዓመቱ ራሱ የቤቱ ዋና ሲፉ ሆነ። ሚስቱ የሞተች ዕለት እንኳ ጠዋት ገብቶ አራት መቶ ሃጋው ጠቅልሎ ነው ወደ ቀብር የሄደው። አትፍረዱበት፣ ሌላ የሚያውቀው ልቅሶ አልነበረውም።

ሻይ ቤቱ ፈርሶ ፎቅ ሲወጣበት፣ የቤቱ ሒሳብ ሹም የነበረው ቺም ይህችን ዳቦ ቤት ከፈተና "ና፣ አብረን እንርጅ" አለው። አብረው አረጁ። ቺም ሲሞት ልጁ ዮክላን ቤቱን ተረከበች። ልጅቷ ክፉ አይደለችም፣ ኋላ እንዳትረግሙብኝ። ግን ኪራዩ ይዘላል፣ የሽማግሌውም እጅ ይዘገያል። መጀመሪያ የአሳማ ሥጋ ያለበት ዳቦ ከፋብሪካ መጣ። "እርስዎ እንዳይደክሙ ብዬ ነው፣ ሲፉ" አለች። ቀጥሎ ሲዩማዩ፣ የሥጋ ጥቅሉ፣ መጣ፣ ቀጥሎ የራዲሽ ኬኩ። ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባል የለ? አንድ ቀን ጠዋት ሲገባ የሃጋው ካርቶን ማቀዝቀዣው አጠገብ ተደርድሮ አገኘ።

"ይሄስ?" አላት።

"ሲፉ፣ በልጅነቴ ያጎረሱኝ እርስዎ ነዎት፣ አልዋሽዎትም። በቀን ሺህ ይፈለጋል፣ የእርስዎ እጅ የሚያደርሰው ሁለት መቶ ነው። እርስዎ መስታወቱ ጋ ይቀመጡልኝ። ሰው እኮ የሚመጣው እርስዎን አይቶ ነው።"

"እንደ አሻንጉሊት?"

"እንደ ሲፉ!"

"ይሄ ሁሉ ሰው ምላስ የለውም እንዴ? ይለየዋል!"

ዮክላን የካርቶኑን ክዳን ዘጋች። ከዚያ ቀስ ብላ፣ "ከሰኞ ጀምሮ እየሸጥኩት ነው፣ ሲፉ። አንድም ሰው አልተናገረም" አለችው።

ካረጁ አይበጁ ብሎ ቤቱ ሊቀመጥ ቆርጦ ነበር። ያስቀረው አንድ ሰው ነው፤ ሽማግሌው ፉንግ። ፉንግ የመርከብ በያጅ ነበር፤ ሠላሳ ዓመት ሙሉ እሑድ እሑድ ሻይ ቤቱ እየመጣ ሁለት ቅርጫት ሃጋው ይበላል። አንድ ጊዜ ንጋይ ታሞ ሌላ ሰው ቢሠራለት፣ አንዴ ገምጦ "ይሄ የንጋይ እጅ አይደለም፣ መልሱት!" ብሎ ቤቱን በጩኸት ያናወጠው እሱ ነው። ዛሬ ግን መጮህ ቀረ። ስምንት ወር ሆነው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ግማሽ አካሉን ያዘው፣ ምላሱንም አሰረው። ሚስቱ እማማ ፉንግ በየጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ በዱላዋ እየተደገፈች ትመጣለች።

"ገንፎውን ይተፋብኛል፣ ሾርባውን ይተፋብኛል" ትላለች። "ከእርስዎ ሃጋው በቀር አፉን አይከፍትልኝም። በመቀስ እቆራርጥለታለሁ። ሁለቷን እንደምንም ይበላና ይደክመዋል፣ ዓይኑን ይጨፍናል።"

ስለዚህ ንጋይ ጎሕ ሲቀድ ገበያ ወርዶ በገዛ ኪሱ በሕይወት ያለ ሽሪምፕ ይገዛል። አራት ሃጋው፣ አራት ብቻ፣ በደንቡ ሠርቶ ቀይ ክር ያሰረባት ትንሽ ቅርጫት ውስጥ ያስቀምጣል። ዮክላን እያየች አታይም፤ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ። እሱ ግን በነገር ይወጋታል።

"ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ምላስ የቀረው አንድ ሰው ነው። አንድ ሰው ካወቀኝ ይበቃኛል!"

"ይበቃዎታል፣ ሲፉ" ትላለች፣ ታርቷን እየደረደረች።

በበልግ መጨረሻ ላይ የዓይኑ ሞራ ቀጠሮ ደረሰ። ዓመት ሙሉ የጠበቀው ቀጠሮ ነው፣ ከቀረ ሌላ ዓመት ነው። ከመሄዱ በፊት ዮክላንን አስጠነቀቃት። "እማማ ፉንግ ስትመጣ ዛሬ የለም በያት። ከካርቶኑ እንዳትሰጫት! ይተፋዋል፣ ምናልባትም ያንቀዋል።" ቀኑን ሙሉ ክሊኒኩ ወንበር ላይ ተቀምጦ ልቡ ሽማግሌው ፉንግ ጋ ነበር። ዛሬ በኔ የተነሳ ጦሙን ዋለ እያለ ሲብሰለሰል ዋለ።

በማግስቱ እማማ ፉንግ ከሰዓቷ ቀድማ መጣች። ፊቷ ሌላ ሆኗል።

"ሲፉ! ምን አድርገውባት ነው?"

"ምኗን?"

"የትናንቷን ነዋ! አራቱንም በላ! መቀስ እንኳ አላስፈለገኝም፣ በማንኪያ ነው ያጎረስኩት። ሲጨርስ እንደገና አፉን ከፈተ፣ ጨምሪልኝ ነው እኮ! ከታመመ ወዲህ እንዲህ ሲበላ አይቼው አላውቅም። አልቅሼ አልቅሼ ልሞት!"

ንጋይ ወደ ዮክላን ዞረ። አንገቷን ደፍታለች፣ ጆሮዋ ቀልቷል።

"ሊጧን..." አለ፤ ዓይኑን ከዮክላን መለሰ። "ሊጧን ትንሽ አለስልሼያት ነው።"

"እንግዲያው ዛሬም እንደሷ ያድርጉልኝ! እጅዎ ይባረክ!"

እጁ ወደ ቀይዋ ክር ሄዶ ነበር። መለሰው። ከትልቁ ቅርጫት የፋብሪካውን አራት አንስቶ አሸገላት።

እማማ ፉንግ እንደወጣች ዮክላን ጠጋ አለች። "ዝናብ ይዘንብ ነበር፣ ሲፉ። ባዶ እጇን ልመልሳት አልቻልኩም። ጥርስ የለው እኮ፣ ልስልስ ስላለችለት ነው እንጂ ጣዕሟማ..."

"አትጨርሺው" አላት።

ምን ትጨርሰዋለች፣ ገብቶታል። ግማሽ አፉ የሞተ፣ ጥርስ የሌለው ሰው፣ ቀጭ የሚለውን ሙሉ ሽሪምፕ በድዱ ሲያኝክ ኖሯል። ሁለቷን ታግሎ ይውጥና አቅሙ ያልቃል። ሚስትየዋ በየጠዋቱ "ይደክመዋል" ስትለው እሱ እንደ ምስጋና ነበር የሚሰማው። ስምንት ወር! በኔ ሙያ፣ በኔ ኩራት ሰውየውን አስርቤዋለሁ አለ። ቆቡን ፊቱ ላይ ደፍቶ አለቀሰ። መስታወቱ ማዶ ያሉት ላቡን የሚጠርግ መስሏቸው መቅረጻቸውን ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ ጠዋት ጠዋት ለእማማ ፉንግ የካርቶኑን እየሰጠ፣ ከሥራ ሲወጣ ቤቱ ገብቶ ሌላ ሙከራ ያዘ። ሽሪምፑን መክተፊያው ላይ አድርጎ ቢላዋውን ሲያነሳ ክንዱ ከበደው። ሌባ! የሚለው የጌታው ድምፅ ጆሮው ላይ አለ። ጨክኖ ፈጨው። አንድ ቀን ሊጡ ተቀደደበት፣ አንድ ቀን ውስጡ እንደ ሙጫ ተጣበቀበት። የእንቁላል ነጭ ጨመረ፣ የአሳማ ሞራ ጨመረ። በስድስተኛው ቀን አንዷን ይዞ ወደ ዮክላን መጣ።

"ጥርስሽን እንዳታስነኪ። በድድሽ ብዪ።"

"በድዴ? ሲፉ፣ ምነው ጤናዎ?"

"ብዪ ስልሽ!"

ከንፈሯን እንደ አሮጊት ወደ ውስጥ አጥፋ አላመጠች። ዓይኗ ፈጠጠ። "ትቀልጣለች እኮ!"

"ከፋብሪካው?"

"ከፋብሪካው ትበልጣለች።"

"ልታስደስቺኝ ነው?"

"በአባቴ አፅም!" አለች። እሱ ጭኑን መትቶ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ መሰላችሁ።

በማግስቱ አራት ልስልስ ሃጋው፣ የሱ እጅ የሠራቸው፣ በቀይ ክሯ ቅርጫት ውስጥ ተቀመጡ። አራት ሰዓት ሆነ፣ እማማ ፉንግ አልመጣችም። አምስት ሆነ። ዝናቡ ይሆናል አለ። በነጋታው እንደገና ሠራ፣ አልመጣችም። ጉልበቷ ይሆናል አለ። ሰባት ጠዋት ሠራ። በሰባተኛው መጣች፤ ፀጉሯ ላይ ከነጭ ሱፍ ክር የተሠራ የሐዘን አበባ ሰክታ ነበር። ያን አበባ ያየ ሰው ምንም አይጠይቅም።

"ሄደ፣ ሲፉ" አለች። "ዛሬ ሰባተኛ ቀኑ፤ ሊነጋጋ ሲል፣ እንደተኛ። ሆዱ ሞልቶ ነው የሄደ፣ እኔን የሚያጽናናኝ እሱ ነው። እንግዲህ ዛሬ ነፍሱ ቤት የምትመለስበት ቀን አይደል? ማዕዱን ልዘረጋለት ነው። ያቺን ጨምሪልኝ ያለባትን ይስጡኝ።"

ንጋይ የትንሿን ቅርጫት ክዳን ከፈተ። አራቱ እንደተሸነሸኑ፣ ትኩስ ናቸው። ከነዚህ ቢሰጣት ማን ያውቃል? እሷም አታውቅ። ግን የሽማግሌው ምላስ እነዚህን ቀምሷቸው አያውቅም፤ ሳይደርሱለት ሰውየው ሄዷል። ቤቱ የሚመለስ ሙት የለመደውን ነው የሚሻው። ክዳኑን መለሰ። ከትልቁ ቅርጫት አራት አውጥቶ አሸገና በሁለት እጁ ሰጣት። ጥቅሉን ግን አልለቀቀላትም።

"እማማ ፉንግ፣ ይቺ ሃጋው..."

"አውቃለሁ" አለች፣ እጁን ያዝ አድርጋ። "አውቃለሁ፣ ሲፉ። ምላሱ ተሳስሮ እንኳ የእርስዎን እጅ ለይቶ ነው የሞተው። እኔን እንኳ አንዳንድ ቀን ይረሳኝ ነበር፣ የእርስዎን እጅ ግን አልረሳም። ይኸው ሞቶም የእርስዎን እጅ ሊበላ ነው።"

ዮክላን ፊቷን ወደ ምድጃው አዞረች። ንጋይ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ።

"እንግዲህ ይብላልን" አለ።