የደራው ጭኮ

ዓመቱን በትክክል አላስታውሰውም። ባቡሩ በእኛ በኩል ማፏጨት ከጀመረ ቆይቷል፤ ጣሊያን ግን ገና አልመጣም። ናዝሬትን ያኔ አገሬው አዳማ ነበር የሚላት። ወሩ ጥር፣ ቀኑም ሰኞ መሆኑን ግን አልረሳም፤ የእህቴ ሠርግ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ነበር።

እናቴ አክስቴን አጸደን ከደራ እንዳመጣላት ላከችኝ። ነገሩ የጭኮ ነገር ነው። ጭኮ የገብስ በሶ በተነጠረ ቅቤ ታሽቶ የሚሠራ ነው። ሥጋ የለበትምና እስላሙም ክርስቲያኑም ከአንድ ገበታ ያነሣዋል፤ ስለዚህ በዘመዶቻችን ቤት ለእንግዳ መጀመሪያ የሚቀርበው እሱ ነው። የአያቴን አሠራር የምታውቀው አክስቴ ብቻ ነበረች። እናቴ በልጅነቷ ስለተዳረች አልተማረችውም።

«እሷ ካለፈች ሙያው አብሮ ይቀበራል። አምጣልኝና ለእህትህ ታሳያት» አለችኝ።

ማለዳ በኪራይ በቅሎ ወጣሁ። አንድ ጠገራ ብር አስከፈሉኝ፣ ቅር አለኝ። ከከተማው ወዲያ ሜዳው ግራርና አቧራ ነው። አዋሽን ስሻገር ውሃው እስከ በቅሎዋ ሆድ ደረሰ። ማዶ ከብት የሚያጠጡ ሽማግሌ አገኘሁ።

«አካም ጅርታ? ደህና ነህ? ወዴት ነው?»

«ደራ፣ ወይዘሮ አጸደ ቤት። አክስቴ ናት።»

ሽማግሌው ዱላቸውን ተደግፈው ከራስ እስከ እግሬ አዩኝ። «በል ሂድ። የሰጡህን ሁሉ ብላ፣ እሺ?» አሉኝ። ቅጥነቴን አይተው የቀለዱብኝ መስሎኝ ሳቅሁ።

ከቀትር በኋላ ደራ ገባሁ። የአክስቴ ባል ጋሽ ደምሴ ወጥተው በቅሎዋን ያዙልኝ።

«አክስቴስ?»

«ጠበል ወርዳለች፤ ነገ ነው የምትመለሰው። ግባ፣ ግባ።»

እጄን ሳልታጠብ ጎረቤታቸው፣ አንዲት የአርሲ እስላም ሴት፣ ጭኮ በገበታ ይዛ መጣች። «ብላ እንጂ! አዳማ ባቡር ብቻ ነው እንዴ ያለው? አንገትህ የሰጎን አንገት ሆኗል!» አለችኝ። እኔም እየሳቅሁ በላሁ። ኮረሪማውና ኮሰረቱ ልክ እንደ ልጅነቴ ነው። «የአክስቴ እጅ አልተለወጠም!» አልኩ። ጋሽ ደምሴ አሳላቸውና ወደ ውጭ ወጡ። ሴትዮዋ ጨመረችልኝ፤ ያንንም ጨረስኩ። ጠግቤ ተኛሁ።

ጎሕ ሲቀድ በሰው ድምፅ ነቃሁ። ግቢው ሞልቷል፤ ቄሱም አሉ፣ ጥምጣም ያደረጉ የእስላም ሽማግሌዎችም አሉ። ጋሽ ደምሴ ትከሻዬን ይዘው፣ «ልጄ፣ አክስትህ ካረፈች ዛሬ ስምንተኛ ቀኗ ነው። መልእክተኛ ልንልክ ስንል አንተ መጣህ» አሉኝ።

ስምንት ቀን! እየሳቅሁ የበላሁት ለቅሶ ቤት ነበር። «እጇ አልተለወጠም» ስል እጇ አፈር ለብሷል። መርዶ በባዶ ሆድ እንደማይነገር ከልጅነቴ ሰምቻለሁ፤ በራሴ ሲደርስ ግን እንደ ተታለልሁ ቆጠርኩት።

«ለምን አበላችሁኝ?» ብዬ ጮኽሁ።

«ነግረንህ ቢሆን ትበላ ነበር?» አለች ያቺ ሴት። እሷም ታለቅሳለች። «የመንገደኛ ሐዘን አቅም ይፈልጋል።»

ሲበርድልኝ፣ «ጭኮውን ማን ሠራው?» አልኳት።

«እኔ። ከአጸደ ጋር ስንት ዓመት ጎን ለጎን አሽተናል። ለእህትህ እኔ አሳያታለሁ። ለእናትህም ብቻህን አትነግራትም። ነገ ረቡዕ ነው፣ ጾም ነው፤ ዛሬውኑ ካልደረስን ቅቤ አትቀምስምና ተነሥ።»

ከቀረው ጭኮ በገበታ አድርጋ፣ መሐሉን እንደ አያቴ ልማድ በአውራ ጣቷ ጠቅ አድርጋ አጎደጎደችው። እሷ በበቅሎ፣ እኔ በእግሬ፣ ተጓዝን። አዋሽ ዳር ሽማግሌው ሲያዩን ተነሥተው ቆሙ። እናቴ ከበላች በኋላ ልንነግራት ተስማማን።

ሲመሻሽ ደረስን። እናቴ በር ላይ ትጠብቃለች።

«አጸደስ?»

«እግሯን አሟት ነው፣ እማዬ። ጭኮውን ልካልሻለች።»

ገበታውን ተቀብላ ከፈተችው። ጎድጓዳውን ትክ ብላ አየችው።

«የእህቴ አውራ ጣት ጫፍ የለውም፤ በልጅነቷ ማጭድ ቆርጦታል። ይህ ሙሉ ጣት የማን ነው?»

እኔም ያን ጣት አውቀዋለሁ። ስበላ ግን ጎድጓዳውን መቼ አየሁት! አፌ ተያያዘ።

ሴትዮዋ ተንበረከከች። «የእኔ ነው፣ እናቴ። ያስተማረችኝ እሷ ናት» ብላ ሁሉንም ቀስ አድርጋ ነገረቻት።

ጩኸቷን ጠበቅሁ። እናቴ ግን ከጭኮው ቆረሰች፤ «ከሩቅ መጥተሻል፤ ቤቴ ገብተሽ ምንም አልቀመስሽም» ብላ እንግዳዋን አጎረሰቻት። ከዚያ ነው ነጠላዋን ጥላ የጮኸችው።

ጩኸቱ ከጆሮዬ ጠፍቷል። ያ ጉርሻ ግን ዛሬም ባሰብኩት ቁጥር ክው ያደርገኛል። እንግዳ ማብላት የደስታ ቀን ሥራ ይመስለኝ ነበር፤ የሐዘን ቀንም ሥራ መሆኑን በዚያ መንገድ ነው ያየሁት።

ሠርጉ ከፋሲካ ወዲያ ተላለፈ። ሴትዮዋ ሳምንት ተቀምጣ ለእህቴ አሠራሩን አሳየቻት፤ ዛሬ የልጅ ልጆቼም ይሠሩታል። ያን ምሽት የእኔ አፍ ሲታሰር አፍ የሆነችልኝ የደራዋ ከዲጃ ናት።